የተሸፈነው ምዕራፍና የተለወጠው ሐሳብ

አንድ ድንጋይ ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ወረወርን እንበል። ድንጋዩ ከእጃችን ወጥቶ ገና ሽቅብ በመጓዝ ላይ ሳለ በላዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል የትኛው ነው? የአየሩን ሰበቃ ለጊዜው እንተወው። ጥያቄው ቀመር አይጠይቅም፤ መሣሪያም አያሻውም። የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎችን ስንጠይቅ ግን ከብዙዎቹ የምናገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። እጃችን የሰጠው ኃይል ከድንጋዩ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ እየደከመ ሄዶ ሲያልቅ ድንጋዩ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የመሬት ስበት ያሸንፍና ቁልቁል ይመልሰዋል ይሉናል። ትክክለኛው መልስ ከዚህ በጣም ያጠረ ነው። ድንጋዩ ከእጅ ከተላቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ሲወጣም፣ ጫፍ ሲደርስም፣ ሲወርድም፣ በላዩ ላይ ያለው ኃይል የመሬት ስበት ብቻ ነው።

የሚያስገርመው የተማሪዎቹ መሳሳት አይደለም። በድንጋዩ ውስጥ ተቀምጦ አብሮት ይጓዛል የሚባለውን ኃይል በስድስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ በአሥራ አራተኛው መቶ ዘመን ደግሞ የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን በየራሳቸው መንገድ አስተምረውታል። ሊቃውንትን ለብዙ መቶ ዓመታት ያሳመነ ሐሳብ አንድን የ18 ዓመት ወጣት ቢያሳምን የሚያስነቅፍ አይሆንም። የሚያስገርመውስ እነዚሁ ተማሪዎች የኒውተንን ሦስት ሕጎች በቃላቸው የሚወጡ፣ ቀመሩን ጽፈው ድንጋዩ የሚደርስበትን ከፍታ አስልተው ሙሉ ማርክ የሚያገኙ መሆናቸው ነው። ሕጉ በደብተራቸውና በፈተና ወረቀታቸው ላይ ሰፍሯል፤ ሐሳባቸው ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ይህ ነው። ስለ ከፍተኛ ትምህርት ጥራት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ሕንፃ፣ ቤተ ሙከራ፣ መጽሐፍና በጀት ናቸው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ በ50 ደቂቃ የክፍል ጊዜ ውስጥ በመምህሩና በተማሪው መካከል የሚካሄደው ነገር እስካልተለወጠ ድረስ የቀረው ቢሟላም ውጤቱ የሚጠበቀውን ያህል አይሆንም የሚል እምነት አለን። ይህን የምንለውም እንዲሁ በስሜት ተነሣሥተን ሳይሆን ላለፉት አርባ ዓመታት ገደማ ራሳቸው የፊዚክስ ምሁራን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ካካሄዱት ልኬት በመነሣት ነው።

ልኬቱ ምን አሳየ?

እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪድ ሄስተነስ፣ ማልኮልም ዌልስና ግሬግ ስዋክሃመር የተባሉ አሜሪካውያን «የኃይል ጽንሰ ሐሳብ መመዘኛ» ልንለው የምንችለውን አንድ የምርጫ ፈተና አሳተሙ። ጥያቄዎቹ ሠላሳ ያህል ሲሆኑ ስሌት የለባቸውም፤ የተጻፉትም በተራ የዕለት ተዕለት ቋንቋ ነው። ልዩ የሚያደርጋቸው የተሳሳቱት ምርጫዎች ከተማሪዎች አንደበት የተለቀሙ መሆናቸው ነው። ፈተናው ኮርሱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ይሰጣል። ልዩነቱ ተማሪው በኮርሱ ምን እንዳተረፈ ያሳያል።

ሪቻርድ ሄክ የተባሉ የፊዚክስ ምሁር ከ62 ኮርሶችና ከ6,542 ተማሪዎች የተሰበሰበውን ውጤት አጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ1998 አቀረቡ። መለኪያቸው ቀላል ነው፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ከማያውቁት ውስጥ ምን ያህሉን ዐወቁ? በአማካይ ከመቶ 40 ይዞ የገባ ክፍል 54 ይዞ ቢወጣ፣ ከጎደለው 60 ውስጥ 14ቱን ሞላ ማለት ነው፤ ይህም 0.23 ይሆናል። በተለመደው የሌክቸር ዘዴ በተሰጡት 14 ኮርሶች የተገኘው አማካይ ውጤት ይኸው 0.23 ነበር። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዲያስቡ፣ እንዲወያዩና መልሳቸውን ወዲያው እንዲፈትሹ በተደረገባቸው 48 ኮርሶች ግን አማካዩ 0.48 ሆነ። ከሌክቸር ኮርሶቹ መካከል 0.3ን የተሻገረ አንድም አልተገኘም። ከእነዚህ ኮርሶች መምህራን መካከል ጎበዝ ተናጋሪዎች እንደሚኖሩ አያጠራጥርም። ሆኖም የንግግር ችሎታ ብቻውን ያን ድንበር አላሻገረም።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቻቸው በግምገማ ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጧቸው፣ ፈተናቸውንም በጥሩ ውጤት የሚያልፉላቸው መምህር ነበሩ። ይህንን ዓይነት መመዘኛ በክፍላቸው ሲሰጡ ከተማሪዎቹ ወገን የቀረበላቸው ጥያቄ ግን አስደነገጣቸው። ጥያቄዎቹ መመለስ ያለባቸው መምህሩ ባስተማሩት መሠረት ነው ወይስ ተማሪው በራሱ እንደሚያስበው? የሚል ነበር። በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ፊዚክስ መኖሩን፣ አንዱ ለፈተና ሌላው ለኑሮ መቀመጡን ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ አባባል አናውቅም። ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ንግግራቸውን አሳጥረው በየመካከሉ ጥያቄ እያነሡ ተማሪዎቻቸውን እርስ በርስ ማከራከር ጀመሩ።

ጉዳዩ በፊዚክስ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት የተካሄዱ 225 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ በሌክቸር ብቻ በሚሰጡ ኮርሶች የሚወድቁት በአማካይ 34 ከመቶ ያህል፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ኮርሶች ደግሞ 22 ከመቶ ያህል መሆናቸውን አግኝተዋል።

በእኛ ዘንድ ያለው ሁኔታ

እንደሚታወቀው አገራችን በዘርፉ የተጓዘችው መንገድ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው ከፍተኛ ትምህርት ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉት። በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ70 በ30 የቅበላ ፖሊሲ ደግሞ ከሚገቡት ተማሪዎች ውስጥ አብዛኞቹን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች መርቷቸው ነበር። በሩ መከፈቱ የሚያስመሰግን ነው። ከበሩ በስተ ውስጥ ያለው የክፍል ሥርዓት ግን እምብዛም አልተነካም። መምህሩ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። ሃንዳውት ይባዛል፤ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። በፈተና ሰሞን ደብተሩ ይሸመደዳል፤ ከፈተናው በኋላም ይዘጋል።

በመካከሉ ለማሻሻል የተሞከረ ነገር የለም አንልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ብዙ መምህራንን አሳታፊ የማስተማር ዘዴን አስተዋውቋል። ተከታታይ ምዘናም መጥቷል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ተማሪዎችን «አንድ ለአምስት» ማደራጀትም በሰፊው ተሠርቶበት ነበር። ይሁን እንጂ ተከታታይ ምዘናው በብዙ ቦታ ተከታታይ ፈተና ሆኖ ቀርቷል። ምዘና የሚባለው ተማሪው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ለመምህሩም ለተማሪውም ሲነግር ነው፤ ማርክ መዝግቦ ማለፍ ይህን አያደርግም። የአንድ ለአምስቱ ቡድንም ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ ካልቀረበለት የስም ዝርዝር ከመሆን አያልፍም። ቅርጹ መጣ፤ የቅርጹ ነፍስ የሆነው ጥያቄ ግን አብሮ አልመጣም።

ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ የሚዘልቅ መሆኑ ነው። ከፊዚክስ ትምህርት ክፍል ከሚመረቁት መካከል ብዙዎቹ የሚሰማሩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ነው። የድንጋዩን ጥያቄ በተሳሳተ ሐሳብ እንደያዘ የተመረቀ መምህር ያንኑ ሐሳብ በተራው ለመቶዎች ያወርሳል። ከእነዚያ መቶዎች መካከል ጥቂቶቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ መሆናቸው አገርን አነጋግሯል። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሁሉንም በአንድ ሰበብ ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች «የሚላክልን ተማሪ ደካማ ነው» ብለው ብቻ ሊያልፉት አይችሉም። የተማሪውን አስተማሪ ያስተማሩት እነርሱ ናቸውና።

ጥያቄን መሣሪያ ማድረግ

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ስለ ሙቀትና ስለ ፍሌት የሚያስተምር መምህር ለሃያ ደቂቃ ያህል ዋናውን ሐሳብ ካስረዳ በኋላ የሚከተለውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት እናት የባቄላ ንፍሮ ጥደዋል፤ ድስቱም እየተንተከተከ ነው። ንፍሮው ቶሎ እንዲበስል ብለው እሳቱን እጥፍ ቢያደርጉት ምን ይሆናል? ሀ) በጣም ቶሎ ይበስላል፤ ለ) ጥቂት ቀደም ብሎ ይበስላል፤ ሐ) የመብሰያው ጊዜ አይለወጥም፤ መ) ይዘገያል።

ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ያስባል። ከዚያም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸውን የወረቀት ካርዶች ይዞ ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሱን ከፍ ያደርጋል። መምህሩ በአንድ እይታ ክፍሉ የት እንዳለ ያውቃል። ትክክለኛውን የመለሱት በጣም ጥቂት ከሆኑ ወደ ማስረዳቱ ይመለሳል፤ ሁሉም ከመለሱት ወደ ፊት ይቀጥላል። መልሱ የተከፋፈለ እንደሆነ ግን ትክክለኛውን ሳይናገር፣ እያንዳንዱ ተማሪ አጠገቡ የተቀመጠውን እንዲያሳምን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያም እንደገና ካርድ ይነሣል። በክፍላችን ደጋግመን እንዳየነው በሁለተኛው ዙር የትክክለኛው መልስ ካርድ ይበዛል። አንድን ነገር ገና ትላንት የተረዳ ሰው የት ጋ እንደሚያስቸግር ያስታውሳልና ለጓደኛው የሚያስረዳበት መንገድ ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው።

በመጨረሻ መምህሩ መልሱን ከነምክንያቱ ይሰጣል። ውሃው እስከፈላ ድረስ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ተጨማሪው እሳት ውሃውን ወደ እንፋሎት ከመለወጥ በስተቀር ለንፍሮው የሚፈይደው የለም። ስለዚህ መልሱ ሐ ነው። ያም ሙቀት በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ የሸመደደ ተማሪ በዚህ አንድ ጥያቄ የፍሌት ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር ያለውን ዝምድና፣ ከዚያም አልፎ በየቤቱ በከንቱ የሚነድደውን ከሰል ያያል። ስለ ኒውተን ሦስተኛ ሕግም እንዲሁ ነው። ሕጉን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ «አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ከባጃጅ ጋር ቢጋጭ የበለጠ ኃይል ያሳረፈው የትኛው ነው?» ሲባል ብዙ ጊዜ «አይሱዙው» ይላል። ኃይሎቹ እኩል ናቸው፤ የባጃጁ ጉዳት የከፋው ክብደቱ አነስተኛ በመሆኑ ነው። ሕጉን ማነብነብና በሕጉ ማሰብ የተለያዩ መሆናቸውን ተማሪው የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ወረቀትና መቀስ ነው። በውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የኤሌክትሮኒክስ መልስ መስጫ ይጠቀማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ናትናኤል ላስሪ በካናዳ አካሂደው ባሳተሙት ጥናት ግን መሣሪያውን የያዙትም የወረቀት ካርድ የያዙትም ተማሪዎች ያገኙት የትምህርት ውጤት ልዩነት አልነበረውም። ለውጡን ያመጣው ጥያቄውና ክርክሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው፣ «ፕላዝማ» እያልን የምንጠራው የሳተላይት ትምህርት ያስተማረንም ይህንኑ ነው። መስኮቱ ያማረ ነበር፤ ተማሪው እጁን ሲያወጣ ግን አይቶ የሚቆም አልነበረም።

ዘዴውን ባዕድ የሚያደርግ ምክንያትም የለም። በቅኔ ቤታችን ደቀ መዝሙሩ የሚመዘነው የሌላውን ቅኔ በማስታወስ ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በማቅረብ ነው። ቀደም ብለው የገቡትም አዲሶቹን ያስነግራሉ፤ ያርማሉ። ሐሳብን አውጥቶ በሌሎች ፊት ማስፈተሽ በአገራችን የትምህርት ባህል ውስጥ ሥር ያለው ነገር ነው።

የቋንቋው ጉዳይ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ተማሪው ዝም የሚልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ የዕለት ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። በአማርኛ «የስበት ኃይል» እንላለን፤ «የኃይል ምንጭ» እንላለን፤ «የኤሌክትሪክ ኃይል» እንላለን። በፊዚክስ የመጀመሪያው ፎርስ፣ ሁለተኛው ኢነርጂ፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ፓወር ነው። አሁን ከላይ ለባጃጁ «ክብደት» ስንል የተጠቀምንበት ቃልም እንዲሁ በገበያ ማስንም ዌይትንም የሚወክል ነው። ተማሪው ሦስቱን ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ቃል ይዞ ከመጣ፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ስም ስለሰጠነው ብቻ በአእምሮው አይለያዩለትም።

በመሆኑም በጎረቤታሞች ክርክር ጊዜ ተማሪዎች በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩ መፍቀድ ተገቢ ነው እንላለን። ግራ መጋባቱ አደባባይ የሚወጣው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። የደረሱበትን መደምደሚያ ግን በአንድ ጥርት ያለ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፉት ይጠየቁ። በዚህ መንገድ ፊዚክሱም እንግሊዝኛውም ይጠቀማሉ።

ሦስት መከራከሪያዎች

አንደኛው መከራከሪያ «ምዕራፉ አያልቅም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዚህ ዘዴ አሥር ምዕራፍ የሚሸፍን መምህር ስምንት ሊሸፍን ይችላል። ነገር ግን የተሸፈነው በማን ነው ብለን መጠየቅ ይኖርብናል። መምህሩ አሥሩን ጨርሶ ተማሪው ሦስቱን ብቻ ይዞ ከወጣ፣ የሥርዓተ ትምህርቱ ሽፋን በወረቀት ላይ ያለ ሽፋን ነው። ተማሪው በራሱ ሊያነብበው የሚችለውን ትርጓሜና የቀመር አወጣጥ ለንባብ መስጠት፣ የክፍሉን ጊዜ ደግሞ ብቻውን ሊሻገረው ለማይችለው ነገር ማዋል ይሻላል።

ሁለተኛው የተማሪዎች ብዛት ነው። በአንድ አዳራሽ መቶና ከዚያ በላይ ተማሪ በተሰበሰበበት ማን ማንን ያወያያል? ይባላል። እንዲያውም ዘዴው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። ሃያ ተማሪ ያለው መምህር የእያንዳንዱን ፊት አይቶ ሊረዳ ይችላል፤ መቶ ያለው ግን ያለ ካርድ ምንም አያይም። አግዳሚው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ቢሆንም ጎረቤት የሌለው ተቀማጭ የለም።

ሦስተኛውና ብዙ ያልተነገረለት ከራሳቸው ከተማሪዎቹ የሚመጣው ነው። «መምህሩ ይጠይቀናል እንጂ አያስተምረንም» የሚል ቅሬታ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሉዊ ዴሎሪየና ባልደረቦቻቸው በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች ያደረጉት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና የበለጡ ሆነው ሳለ ብዙ የተማረ መስሎ የተሰማው ጥሩ ሌክቸር ቁጭ ብሎ የሰማው ወገን ነበር። ወራጅ ንግግር መስማት የመረዳት ስሜት ይሰጣል፤ መታገል ደግሞ ያለማወቅ ስሜት ይሰጣል። ስለዚህ መምህሩ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለተማሪዎቹ ማስረዳት አለበት። የትምህርት ክፍሎችም በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሞላውን የተማሪ ግምገማ ብቻውን የመምህር መመዘኛ ማድረግ የለባቸውም፤ የሚያስቸግረውን ግን የሚጠቅመውን መምህር ሊቀጣ ይችላልና።

ሌክቸር ይጥፋ እያልን አይደለም። ጥያቄውን ታግሎበት፣ ተሳስቶበት፣ ከጓደኛው ጋር ተከራክሮበት ለቆየ ተማሪ የአንድ በሳል መምህር የአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ዝናብ እንደናፈቀው መሬት የሚጠጣው ነገር ነው። የምንለው ዝናቡ ከእርሻው በኋላ ይምጣ ነው።

ፈተናው ካልተለወጠ

ይህ ሁሉ ግን በፈተና ይጸናል ወይም ይፈርሳል። ተማሪ ጊዜውን የሚያውለው ማርክ በሚገኝበት ላይ ነው፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም። በክፍል ውስጥ እንዲያስብ ጠይቀነው በፈተና ላይ ቁጥሩ ብቻ የተለወጠ የአምናን ጥያቄ ብናቀርብለት፣ የትኛውን እንደምናከብር ነግረነዋል ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተናም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የመውጫው ፈተና ጽንሰ ሐሳብን የሚፈትሹ ጥያቄዎች በብዛት ቢይዝ ሦስትና አራት ዓመቱን ሙሉ የክፍሉን ሥራ የሚያቃና ኃይል ይሆናል። የቃል ትውስታን የሚለካ ከሆነ ግን የመጨረሻው ዓመት የሽምደዳ ዘመቻ ከመሆን አይድንም።

ስለሆነም አራት ነገሮችን ለሳይንስ ትምህርት ክፍሎች እናቀርባለን። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የክፍል ጊዜ ቢያንስ አንድ የካርድ ጥያቄ ይኑር፤ የአንድ ኮርስ መምህራንም ጥያቄዎቹን በጋራ አዘጋጅተው ያስቀምጡ። ሁለተኛ፣ በመሠረታዊ ኮርሶች መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያው አንድ የጽንሰ ሐሳብ መመዘኛ ያለ ማርክ ይሰጥ፤ ውጤቱም መምህሩን ለመክሰስ ሳይሆን ኮርሱን ለማረም ይዋል። ሦስተኛ፣ ከፈተና ማርክ ከፍ ያለው ድርሻ ስሌት ለማይጠይቁ ግን ምክንያት ለሚጠይቁ ጥያቄዎች ይመደብ። አራተኛ፣ በደረጃ ዕድገት ጊዜ የምርምር ጽሑፍ እንደሚቆጠር ሁሉ በማስረጃ የተደገፈ የማስተማር ማሻሻያም ይቆጠር። አራቱም አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም።

በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ያለን ሰዎች በቤተ ሙከራ ያልተለካ ነገር አናምንም። ያው ልማድ ወደ መማሪያ ክፍል ይግባ ነው የምንለው። በሚመጣው ሴሚስተር አንድ ኮርስ የሚይዙ ባልደረቦቻችን አንድ ምዕራፍ መርጠው ቢሞክሩት፣ በፊትና በኋላ ያገኙትንም ውጤት፣ ደግ ሆነም ክፉ፣ በዚህ መጽሔት ቢያካፍሉን ከብዙ ስብሰባ የበለጠ ይጠቅመናል። ተማሪዎችም ሁለተኛውን ካርድ ከማንሣታቸው በፊት ጎረቤታቸውን «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ደብተሬ ላይ እንዲህ ስለሚል» ከሆነ ክርክሩ ገና አላለቀም።